ከደወሉ በፊት

ከታርናቫ ወንዝ በላይ፣ ከዳገቱ ወገብ፣
አንድ የድንጋይ በር አለ፣ ከተማው ሲረግብ
እሱ ያልረገበ።
አፉን እንደከፈተ፣ የብረት ጥርሱን ሰቅሎ፣
ስድስት መቶ ክረምት በበረዶ በስሎ።

ዘበኞቹ የሉም። ሳክሶኖች ሄደዋል፤
አልጋና ሰዓታቸውን በጭነት መኪና ጭነዋል።
ኦርትቪን የመጨረሻው፣ የበረኛው ልጅ፣
ቁልፉን ለሳፍታ ሰጥቶ ወጣ ከዚህ ደጅ።
«ዘይት ቀቢው» አላት፣ «በጥቅምት በጥቅምት፤
ቁልፍም ይዝጋል እኮ፣ እንደ ሰው ሲተዉት።»
ሳፍታም ትቀባለች። መዝጊያው ከተነቀለ
ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ቁልፉ ብቻ አለ።

እኔ ኖራ አቃጣይ ነኝ፣ የኖራ አቃጣይ ልጅ፤
ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የነጣ ነው የኛ እጅ።
አንድ የዳቦ መኪና ሲያፈገፍግ ኋላ
የቅስቱን ጉልበት፣ ማዕዘኑን በላ።
ማዘጋጃ ቤት ጠሩኝ። ከንቲባው ቸኮለ፤
«ሲሚንቶ እናፍስበት፣ ባንድ ቀን ያልቃል» አለ።

ስማራንዳ መጣች ከቅርስ መሥሪያ ቤት፣
መዶሻ በኪሷ፣ መነጽር ባንገት፤
ጆሮዋን ለጥፋ ግንቡን አንኳኳችው፣
እንደ በሽተኛ ደረት አዳመጠችው።
«ሲሚንቶ ያንቀዋል፣ ድንጋይ ይተነፍሳል፤
የሚያኖረው ኖራ ነው፣ ኖራ ግን ዓመት ይጨርሳል።»

ጉድጓድ ቆፈርን። ኖራው ውኃ ሲጠጣ
ፈላ፣ ተንፈቀፈቀ፣ እንደ ሰው ተቆጣ፣
ከርሞ እርጎ ሆነ። ድመት እንዳትልሰው
ሳፍታ ዱላ ይዛ ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

በሁለተኛው በጋ፣ ከቅስቱ ብብት ሥር
አሮጌውን ልስን በቢላ ስመነጥር፣
ፊደል ብቅ አለ፤ ቀይ፣ የጉበት ዓይነት ቀይ።
ስማራንዳ መሰላል ወጣች ልታይ።
የድሮ ጀርመንኛ፣ የቀረጥ ዝርዝር፤
ጣቷን እያስኬደች ታነብልኝ ጀመር፦
ለጨው በርሜል ሁለት፣
ለወይን ጋን ስድስት፣
ለበግ አንድ፤ ጠቦቷ ከእናቷ ጋር ከሆነች ምንም፣
መነኩሴም አይጠየቅም።
ከዚያ ዝም አለች።
«ቀጥይ» አልኳት።
«ኖራ ሻጭ ይግባ፣ ቀረጥ አይከፍልም፤
ደወል ሳይደወል ይውጣ፣ እዚህ አያድርም።»

አያቴን አሰብኩ፣ የአያቴን አያት፣
ስማቸው በየትም ያልተጻፈላቸውን ሰዎች።
ግንቡን ያጣበቁት፣ በጃቸው ለውሰው፤
ሌሊት ከጉድባው ዳር፣ ጤዛ ተንተርሰው።
ኖራቸው ከውስጥ ኖረ።
እነሱ ከውጭ ኖሩ፣ ከኖሩ።

በግንበኛ ማንኪያዬ እርጥብ ኖራ አለ።
አንዴ ባሳልፈው መስመሩ ጠፋ፤ ማን አየ? ማን አለ?
ስማራንዳ ፊቷን ወደ መንገድ መለሰች፣
የሌለ መኪና ቆማ ተመለከተች።

በሐኪም መርፌ ቀጭን ኖራ ሞልቼ
ከፊደሉ ጀርባ ወጋሁት ተጠግቼ፤
«ደወል» የሚለውን፣ «ይውጣ» የሚለውን፣
አጥብቄ አሰርኩት፣ እንዳይረግፍ ስድቡን።
ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቀው።
ምናልባት ለግንቡ ያለኝ ፍቅር ነው፤
ምናልባትም ቂም ነው፤
ቂምም እንደ ድንጋይ የሚያኖረው ኖራ ነው።

ዛሬ ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ፣
ከንቲባው ስለ ቅርስ ብዙ ተናገረ፣ ላቡ ተንጠፈጠፈ።
ኦርትቪንም መጣ፣ ከዘራ ተደግፎ፣
የድሮ ኮቱን ለብሶ፣ የበሩን ጠርዝ አቅፎ
ቆየ።
ሳፍታ ቁልፉን ሰጠችው፣ ዘይት የጠገበውን፤
እሱም ገለባብጦ አየ ሁለት ጎኑን።
«ምን እዘጋበታለሁ?» ብሎ ሳቅ አለና
ኪሴ ውስጥ ጨመረው፣ አላየኝምና
ማን እንደሆንኩ። ወይም አይቶኛል።

ሰዉ ሲበተን ደወሉ ተደወለ፤
እግሬ ሳላዘው ወደ ውጭ ቸኮለ።
ከጉድባው ዳር ስደርስ ቆምኩ። ኪሴን ዳሰስኩ።
ቁልፉ ሞቋል።
ተመለስኩ። ከደፉ ላይ ቁጭ፣
ግማሼ ከውስጥ፣ ግማሼ ከውጭ፣
ዳቦዬን ባይብ በላሁ እስኪጨልም።
የሌሊት ወፍ ብቻ፣ ያው እንደ ልማዷ፣
ከራሴ በላይ
ለማንም ሳትገብር ትገባለች፣ ትወጣለች።